የማሳቱ ቅባት

ቬኔራንዳ ለሦስተኛ ጊዜ ራሷን ልትስት ስትል ሁለት ሴቶች ብብቷ ሥር ገብተው ደገፏት። አንዷ ትከሻዋ ላይ በጣለችው ካንጋ ጫፍ ታራግብላታለች፤ ሌላዋ "አይዞሽ፣ ላንቺም ልጅሽ ነበር" ትላታለች። ሸራው ሥር የተቀመጡት ለቀስተኞች ከንፈራቸውን እየመጠጡ አዩዋት። በእኛ ደሴት ለቅሶ የሚያውቅ ሰው ይከበራል። ቬኔራንዳ ደግሞ ማልቀስ ብቻ ሳይሆን መውደቅም ታውቅበታለች፤ ሁልጊዜ የምትወድቀው ሰው ባለበት በኩል ነው።

ኛሚሲ ከእናቷ አጠገብ እግሯን ዘርግታ፣ ይህችን የአጎቷን ሚስት ትመለከታለች። ታናሽ ወንድሟ ማሳቱ የተቀበረው ትናንት ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እሷ ከሙዋንዛ ከተማ በጀልባ ስትደርስ ሬሳው ሊወጣ ምንም አልቀረውም ነበርና ፊቱን እንኳ በቅጡ አላየችውም። እናቷ ሌዎካዲያ እስካሁን አንዲት እንባ አላፈሰሰችም። ሰው ሲመጣ እጇን ትሰጣለች፣ ሰው ሲሄድ እጇን ትሰጣለች፣ በመሀል ሐይቁን ታያለች።

ረፋዱ ላይ ነርስ ኤዲታ ከናንሲዮ ከተማ በሞተር ብስክሌት መጣች። በየአራት ወሩ ደሴቱን እየዞረ እንደ ማሳቱ ያሉ አልቢኖዎችን የሚያየው የቆዳ ክሊኒክ ባልደረባ ናት። እናትየውን ተሳልማ ኛሚሲ አጠገብ ተቀመጠች። የቀረበላትን ሻይ አንድ ጊዜ ፉት ብላ አስቀመጠችው።

"ኛሚሲ አንቺ ነሽ አይደል? ስምሽን ከአፉ አይለየውም ነበር።"

"እግዜር ይስጥልኝ ሲስተር።"

ነርሷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለቅሶ ላይ አይጠየቅም ካልሽኝ ይቅር በይኝ። ቅባቱን ለምን ተወው?"

"የቱን ቅባት?"

"የፀሐይ መከላከያውን። በየአራት ወሩ በስሙ ሦስት ብልቃጥ ይወጣል። ሥራ በዝቶበታል እያለች አክስትሽ ቬኔራንዳ ፈርማ ትወስድለት ነበር። እሱ ራሱ ይምጣ፣ ቆዳውን ልየው እላታለሁ፤ ይመጣል ትለኛለች። በመጨረሻ ሲመጣ ያ ካንሰር አንገቱን በልቶ ጨርሶታል። እንዲያ የሚሆነው ምንም ሳይቀባ ዓመታት ፀሐይ ላይ የቆመ ሰው ነው።"

"ኧረ አልተወም!" አለች ኛሚሲ። "ፊቱን ሳይታጠብ ሊወጣ ይችላል እንጂ ሳይቀባ አይወጣም። ብልቃጡ አልጋው ሥር አለልሽ።"

ተያይዘው ወደ ክፍሉ ገቡ። ኤዲታ ነጩን የፕላስቲክ ብልቃጥ ከፈተች፣ በጣቷ ጨለፈች፣ እጇ ጀርባ ላይ አሸችው፣ አሸተተችው። ከዚያ ሁለተኛውን ከፈተች። ሦስተኛውንም ከፍታ አሸተተችና ሦስቱንም ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው።

"ይሄ የእኛ አይደለም።"

"ማህተሙ የእናንተ ነው እኮ።"

"ብልቃጡማ የእኛ ነው። ውስጡ ቫዝሊን ነው። ቫዝሊንና የሕፃናት ፓውደር።"

"ይጎዳል?"

"አይጎዳም፣ አይጠቅምም። ይህን ለብሶ ከሰዓት ሜዳ ላይ መቆም ራቁት መቆም ነው።" ነርሷ ከቦርሳዋ ለሌላ ታማሚ የያዘችውን ብልቃጥ አውጥታ ከፈተችላት። "የእኛ ይሄ ነው። እዪው።"

ወፍራም ነጭ ቅባት ነው። ሽታው እንደ አዲስ ሳሙና ሆኖ ከሥሩ ኖራ ኖራ ይላል። ኛሚሲ አላሸተተችውም፤ ማሽተትም አላስፈለጋትም። ትናንት ጀልባ ከመሳፈሯ በፊት ፊቷን የተቀባችው እሱን ነው። አሁንም ፊቷ ላይ አለ።

"ምነው?" አለቻት ኤዲታ።

"ምንም" አለች ኛሚሲ።

*

ማሳቱ ነጭ ሆኖ ሲወለድ የአባቱ ዘመዶች አንገታቸውን ደፉ። አባቱ ግን "የኔ ነው፣ ምን አገባችሁ" ብሎ ይዞት ወጣ። ያ አባት ብዙም ሳይቆይ ሐይቁ ውስጥ ቀረ። ከዚያ የአልቢኖ እጅና እግር ሀብት ያመጣል እያሉ ገጀራ ይዘው የሚያድኑ ሰዎች የበዙበት ዘመን መጣና ሌዎካዲያ ልጇን ከቤት ሳታወጣ፣ በሩን በጀርባዋ ደግፋ አሳደገችው። ገጀራ የያዘውን ስንጠብቅ ኖርን፤ ስጦታ የያዘችውን ግን ራሳችን በሩን ከፍተን ግቢ አልናት።

ዓይኑ ከክንዱ ርዝመት ብዙም አያልፍም ነበር። ሥራው ምን እንደነበር ብነግራችሁ ግን ትስቃላችሁ። የኳስ ጨዋታ አስተላላፊ ነበር። በሌላው ቀን በድምፅ ማጉያው የጠፋ ፍየል ያስነግራል፣ ጀልባ የሚነሳበትን ሰዓት ይለፍፋል። እሁድ እሁድ ግን ሜዳው ዳር ሣጥን ላይ ይወጣና ያላየውን ጨዋታ ያስተላልፋል። ኳሷ የት እንዳለች የሚነግረው የሕዝቡ ድምፅ ነው። ሕዝቡ "ኡይ!" ካለ ለጥቂት ወጥታለች፣ ካበደ ገብታለች፤ መሀሉን ራሱ ይሞላዋል።

"ሰባት ቁጥር አንዱን ጣለው! ሁለተኛውን ጣለው! ምን ዓይነት ጉድ ነው ጎበዝ!"

ሰባት ቁጥር በኋላ መጥቶ፣ "አንተ፣ እኔ እኮ ያኔ ቁጭ ብዬ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር" አለው።

"ዝም ብለህ አመስግነኝ። እናትህ ሰምታ እልል ብላለች።"

አንድ ቀን ላም ሜዳው ውስጥ ገብታ ሕዝቡ ሲጮህ ጎል ብሎ አወጀ። ዳኛው አልገባም አለ። ሕዝቡ ከዳኛው ይልቅ ማሳቱን አመነና ጨዋታው ሳይቀጥል ፀሐይ ጠለቀች። ሰው የሚመጣው ኳስ ለማየት ሳይሆን እሱን ለመስማት ነበር።

ክሊኒኩ መዞር የጀመረ ሰሞን ማሳቱ ራሱ እየሄደ ነበር የሚታየው። ኤዲታ አንድ በአንድ አስጠንታዋለች። ባርኔጣህ ጆሮህንና አንገትህን ይከልል፣ እጅጌህ ረጅም ይሁን፣ ከጠዋቱ አራት እስከ ቀኑ አሥር ሰዓት ጥላ አትልቀቅ፣ ቅባቱን ላብ ካጠበው ድገመው፣ የማይድን ቁስል ካየህ አንድ ቀን እንዳታድር። ይህን ሁሉ በድምፅ ማጉያው እንደ ዜና እያነበበ ሰፈሩን ያስቅ ነበር፤ ግን ይፈጽመዋል። በዚያ ዓመት ቆዳው ላይ የነበሩት ቁስሎች ደረቁ።

ከዚያ ቬኔራንዳ መጣች። ናንሲዮ ገበያ ውስጥ የውበት ዕቃ የምትሸጥበት ሱቅ አላት። "አንተ በዚህ ፀሐይ መንገድ ላይ ምን አንከራተተህ? እኔ ደጃፌ ላይ ነው፣ እወስድልሃለሁ" አለችው። መርቋት ነበር።

ገበያ ውስጥ ያን ጊዜ አንድ ወሬ ይናፈስ ነበር። አልቢኖዎቹ እንደዚያ የነጡት ክሊኒኩ በሚሰጣቸው ቅባት ነው ተባለ። ከማህፀን ነጭ ሆነው መውጣታቸውን የማያውቅ ሰው የለም፤ ግን መቅላት የፈለገች ሴት እንዲህ ያለውን ነገር ለማሰብ ጊዜ የላትም። ቬኔራንዳ ቅባቱን በትናንሽ ብልቃጥ እየከፋፈለች የፊት ማቅያ ነው ብላ ሸጠችው። ሙዋንዛ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ለሆነችውና ከቀያዮቹ ባልደረቦቿ አንሼ ታየሁ ለምትለው ለኛሚሲ ደግሞ ቆጥባ ትልክላታለች። ኛሚሲ በሦስተኛው ወር ቀላሁ ብላ አመነች፤ መስታወቱም አላስተባበላትም።

አንድ ቀን ማሳቱ ደወለላት።

"ቅባቱን ቀየሩት እኮ" አላት። "አሁን የሕፃን ሽታ አለው። ተቀብቼ ስወጣ አሮጊቶቹ ሁሉ ሊያዝሉኝ ይቃጣቸዋል።"

"ይሠራል ግን?"

"አላበኝ፣ አብለጨለጨኝ፣ ምን ቀረው? አሁንማ ከስድስት ሰዓት ጀምሬ ነው የማስተላልፈው። ውድድሩ ደርሷል።"

እስኪደክማት ሳቀች። ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ይዛ፣ በሁለት እጇ ፊቷን እየተቀባች ነበር።

*

በእኛ ደሴት የሟች የቅርብ ዘመድ ለቅሶው እስኪነሳ ድረስ ፊቱን አይታጠብም። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት የጎሳው ሽማግሌ ሟቹን ምን እንደወሰደው ለቀስተኛውን ይጠይቃል፣ ቃል ያለው ይናገራል፣ ከዚያ ሁሉም ሐይቁ ወርዶ ይታጠባል። ስለዚህ ኛሚሲ ያንን ቅባት ፊቷ ላይ ይዛ መቀመጥ ነበረባት። ከሸራው ሥር ሙቀቱ ሲበረታ ከላቧ ጋር እየቀለጠ ወደ ከንፈሯ ይወርዳል። በካንጋዋ ልትጠርገው ትልና ትተወዋለች።

ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ነበር የቀረው፤ በቀል። ቬኔራንዳ ለቀስተኛውን "ብሉ እንጂ፣ እኔን ብላችሁ" እያለች የበቆሎ ገንፎውን፣ ኡጋሊውን፣ ከዓሣ ጋር ስታዞር አየቻት። ይህችን ሴት ቫዝሊን ቀብቼ እንደ ዳጋ ዓሣ አሸዋው ላይ ባሰጣኋት፣ አለች በልቧ። በቀትር፣ ከእሁድ እስከ እሁድ፣ እያገላበጥኩ። ወዲያው ደግሞ፣ ከአጠገቧስ ማን ሊሰጣ ነው የሚል ሐሳብ መጣባትና የጠቀለለችውን ኡጋሊ ሳህኑ ላይ መለሰችው።

ሽማግሌው ካስፓሪ ሲጠይቅ ተነስታ ትናገራለች። ከተናገረች ቬኔራንዳ ትጠፋለች። ቬኔራንዳ ብትጠፋ ግን ብቻዋን አትጠፋም፤ ሙዋንዛ ብልቃጥ ሲላክላት የነበረችውም ትታወቃለች። ሌዎካዲያ ደግሞ የቀራት ልጅ አንድ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቬኔራንዳን ሐይቁ ዳር ብቻዋን አገኘቻት። ጎንበስ ብላ የኡጋሊውን ድስት በአሸዋ ትፈትጋለች።

"እትዬ።"

"ወዬ የኔ ልጅ! ቀመስ አደረግሽ? ትናንት ምንም አልበላሽም።"

"ሲስተር ኤዲታ ብልቃጡን ከፍታ አየችው።"

ፍተጋው ቆመ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ቀጠለ። "የቱን ብልቃጥ?"

"እትዬ!"

ቬኔራንዳ ድስቱን ትታ ቀና አለች። እንባም ጩኸትም አልነበራትም፤ ሰው የለማ።

"እስቲ አንቺው ፍረጂኝ። ልጁ ከእናቱ ሆድ ነጭ ሆኖ ወጣ። ለነጭ ሰው ማቅያ ምን ይሠራለታል? ሐይቅ ውስጥ ውሃ መድፋት አይደለም ወይ? የፈረንጅ ብልሃት ነው ብዬ ስቄ ዝም አልኩ።"

"ማቅያ አይደለም! የፀሐይ መከላከያ ነው። ሲስተር ስንቴ ነገረችሽ!"

"ፀሐይ! ፀሐይ ሰው ይገድላል? እኔ በልጅነቴ ከዚህ አሸዋ ላይ ዳጋ ሳሰጣ ነው የኖርኩት። ጀርባዬን እዪው፤ ሞትኩ?"

"አንቺ ጥቁር ነሽ እትዬ። እሱ ምን ነበረው?"

"እኔ ምን አውቄ! ማን ያውቃል እንዲህ ያለውን!"

"ካላወቅሽ ቫዝሊን ለምን ሞላሽበት?"

ቬኔራንዳ እጇ ላይ የቀረውን አሸዋ አራገፈች። "ባዶ እጄን ልምጣበት? ቅር እንዳይለው ብዬ ነው። ሽታም ጨመርኩበት፤ ደስ እንዲለው።"

ኛሚሲ ድስቱን አንስታ የቬኔራንዳን ራስ ልትፈነክትበት ፈለገች። እጇ ድስቱ ድረስ ሄዶ ነበር። "ዛሬ ከሰዓት ካስፓሪ ሲጠይቅ እነግረዋለሁ። አንቺን የሚቀብር ሰው አይገኝም።"

"ንገሪው።" ቬኔራንዳ ቀረብ አለቻት። "እኔም አፍ አለኝ። በየበዓሉ 'እትዬ፣ አልቀረም ወይ? ለጓደኛዬም አንድ' ስትለኝ የነበረችው ማን ናት? ስትደርሺ አቅፈሽኝ ስታለቅሺ ሸተተኝ። በወንድምሽ ቀብር ላይ ተቀብተሽው መጣሽ፣ የኔ ቆንጆ። ዝም እንባባል። እሱ እንደሆነ አይመለስ። እናትሽን ሁለተኛ አትግደያት።"

ድስቱን ራሷ ላይ አስቀምጣ፣ ወገቧን እያስተካከለች ሄደች። መንገድ ላይ ሰዎች ሲያጋጥሟት ልቅሶዋን ካቆመችበት ቀጠለች።

*

ከሰዓት ካስፓሪ ከዘራውን ተደግፎ ተነሳ። ደርቆ የቀረ፣ ድምፁ ግን ጆሮ የሚሞላ ሽማግሌ ነው።

"ማሳቱን የወሰደው በሽታ ነው ተብለናል። ከዚህ ሌላ የሚያውቅ ሰው ካለ አሁን ይናገር። ነገ የሚናገር ሰው ሐሜተኛ ነው።"

ሌዎካዲያ ሐይቁን ታያለች። ቬኔራንዳ ኛሚሲን ታያለች። ኛሚሲ ካንጋዋን ሰብስባ ተነሳች።

"እኔ አለሁ፣ አባባ።"

ከካንጋዋ ሥር ሁለት ብልቃጥ አወጣችና ትልቁን ከፍ አድርጋ ያዘችው። "ይሄ ከማሳቱ አልጋ ሥር የተገኘ ነው። የቆዳ ክሊኒኩ ከፀሐይ እንዲከልለው በስሙ መድኃኒት ይሰጥ ነበር። እትዬ ቬኔራንዳ መድኃኒቱን ገልብጣ ማቅያ ነው እያለች ሸጠችው፣ ለእሱ ቫዝሊን ሞላችበት። እሱም ተከለልኩ ብሎ አራት ዓመት እናንተን ሲያስቅ ፀሐይ ላይ ቆመ።"

ሸራው ሥር ጩኸት ተነሳ። ቬኔራንዳ አፏን ከፈተች። ኛሚሲ አላስቀደመቻትም።

"ይህቺ ትንሿ ደግሞ የእሱ ናት። የወጣችውም ከእኔ ቦርሳ ነው። ቅባቱ የእሱ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ ግን የተቀባሁት እኔ ነኝ። አሁንም ፊቴ ላይ አለ።"

ያኔ ከለቀስተኞቹ መሀል አንዲት ሴት ካንጋዋን ስባ ፊቷን ሸፈነች። ከኋላዋ ሌላዋ ሸፈነች። ቆየት ብሎ አምስት ስድስት ሴቶች እንደዚያው ፊታቸውን ሸፍነው ተቀመጡ፤ ባሎቻቸውም ቀስ ብለው ያዩዋቸው ጀመር።

ቬኔራንዳ "ልጄን! ልጄን!" ብላ ወደቀች። እንደ ልማዷ ሰው ወዳለበት ነበር የወደቀችው፤ ሰዉ ግን ገለል አለላትና መሬት መታት። እንደምንም ራሷ ተነሳች።

ካስፓሪ ብዙ አልተናገረም። "ከዛሬ ጀምሮ እሳት የሚሰጣት፣ ጨው የሚሰጣት፣ ሰላም የሚላት እንዳይኖር። ስትሞትም ለቅሶዋ ላይ የሚቀመጥ አይኑር። ሂጂ።" ቬኔራንዳ ጫማዋን እንኳ ሳታነሳ በሕዝቡ መሀል አለፈች። የሁለት ቀን ደጋፊዎቿ ልብሷ እንዳይነካቸው ካንጋቸውን ሰበሰቡ።

ኛሚሲ በዓይኗ ሸኘቻት። ጣፈጣት። ምን ይዋሻል፣ ጣፈጣት፤ ከቬኔራንዳ እግር የሚነሳው አቧራ እንኳ ደስ አሰኛት። ባዶ እግሯ በጋለው አሸዋ ላይ ሲያነክስ ስታይ፣ ቶሎ አይድረስላት፣ መንገዱ ይርዘምባት አለች። ዞር ስትል ግን ካስፓሪ እሷን እያየ ነበር።

"ያንቺን እኔ አልፈርድም" አላት። "ለእናትሽ ትቼዋለሁ።"

ሁሉም ወደ ሌዎካዲያ ዞሩ። ሌዎካዲያ ተነሳች፣ ልብሷን አራገፈች፣ ኛሚሲን ክንዷን ይዛ እየጎተተች ወደ ሐይቁ ወረደች። የሚታጠቡት ሴቶች ከኋላ ከኋላ ተከተሉ።

ውሃው ጉልበት በሚደርስበት ቦታ ላይ ትከሻዋን ተጭና አንበረከከቻት።

"እማ፣ ስሚኝ አንዴ..."

"አፍሽን ዝጊ፤ አሸዋ ይገባብሻል።"

ከሐይቁ ሥር አሸዋ ዘገነችና ግንባሯን ማሸት ጀመረች። እንደ ሰው ፊት አልነበረም የምታሸው፤ አንድ እጇን ማጅራቷ ላይ አድርጋ፣ ያረረ ድስት እንደሚፈተግ ትፈትጋታለች። ግንባሯን ጨርሳ ወደ ጉንጯ ወረደች። ነጭ ነገር ከአሸዋው ጋር እየተንሸራተተ ውሃው ላይ ሄደ። ኛሚሲ ጥርሷን ነከሰች እንጂ አልተንቀሳቀሰችም። ጉንጯ ላይ ደም ብቅ አለ።

"ይበቃታል እንጂ የማሳቱ እናት" አለች ከዳር አንዲት ሴት። "ደማች እኮ።"

ሌዎካዲያ በሁለት እጇ ውሃ ቀድታ የልጇን ፊት አጠበችው። ከዚያ አገጯን ይዛ ወደ ራሷ አቀረበችውና አሸተተችው፤ ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ የዓይኗን ሥር። ያ የድሮው የማሳቱ ሽታ አሁንም አለ። ከሦስት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ጎንበስ ብላም እንደገና አሸዋ ዘገነች። ኛሚሲ ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ሰጠቻት።